እንሰት የሚቀበርበት ሳጥን

ሬሳዬን ለሕክምና ተማሪዎች ለመስጠት ወንድሜን ማስፈቀድ ነበረብኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል። ስልሳ ስምንት ዓመት ይዤው የዞርኩት ገላ ነው። ያጠብኩት፣ ያበላሁት፣ ሲታመም ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ፈቃጁ ግን ጊምቢቹ ተቀምጦ እህል የሚነግድ፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ፊተኛው ወንበር ላይ የሚታይ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያላናገርኩት ሰው ሆነ።

ነርስ ነኝ። ሆሳዕና ውስጥ ስሜን የሚጠራ ሰው የለም፤ ሁሉም ሲስተር ነው የሚለኝ። ወጣትነቴን ዳምቦያ ጤና ጣቢያ ጨረስኩ። ከዚያ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አንድ የሕክምና ኮሌጅ ውስጥ፣ የአናቶሚ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። የኮሌጁን ስም አልጽፍም፤ ማስታወቂያ የምሠራለት ምክንያት የለኝም። ሥራዬ ሬሳ መቀበል፣ ማጠብ፣ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን መስጠት፣ ጠረጴዛ ላይ ማውጣት፣ ትምህርቱ ሲያልቅ ደግሞ የቀረውን ሰብስቦ ለቀብር ማዘጋጀት ነበር።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያጋደምኳቸውን ሰዎች አስታውሳቸዋለሁ። መናኸሪያ አጥር ሥር ሞቶ የተገኘ ተሸካሚ። አእምሮዋን የታመመች፣ ገበያ ውስጥ ስትዞር ሁላችንም እናያት የነበረች ሴት። የእግሩ ጣቶች መካከል ሲሚንቶ የደረቀበት የቀን ሠራተኛ፤ ሲሚንቶውን ሳላጥበው ብዙ ጊዜ ቆምኩ። ሁሉም በፖሊስ ደብዳቤ የመጡ፣ ፈላጊ የሌላቸው ናቸው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ነጋዴ፣ አንድ የቢሮ ኃላፊ፣ አንድ የዶክተር አባት መጥቶልኝ አያውቅም። ልጆቻቸው ግን መጥተዋል፤ ነጭ ጋዋን ለብሰው፣ አፍንጫቸውን ይዘው። ሬሳውን በስልኩ ፎቶ ሊያነሳ ሲል እጁን የመታሁት ልጅ ዛሬ ስፔሻሊስት ሆኗል ይባላል። ዲኑ ደግሞ ሬሳ ማለት ስለሚከብደው «ግብዓት» ይል ነበር። «ሲስተር፣ ለዚህ ሴሚስተር ግብዓት አለን?» የሚለው ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጠመኔም ግብዓት፣ ሰውም ግብዓት።

ጡረታ ስወጣ ወሰንኩ። ተጠይቆ እሺ ያለ አንድ ገላ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ይውጣ፤ እሱም የእኔ ይሁን። ደግነት እንዳይመስላችሁ። ደግ አይደለሁም፤ የሚያውቁኝ ይህን ይመሰክራሉ። ከድሃ ሬሳ ተምረው ድሃን የሚጸየፉ ሰዎች አንገሽግሸውኝ ነው።

ሐሳቤን ለዲኑ ስነግረው በጣም ደስ አለው። ደስታው ስለ እኔ አልነበረም። ኮሌጁ ሬሳ የሚቀበልበትን መመሪያ እንዲያዘጋጅ ከበላይ ታዞ ኖሮ፣ ምን ብሎ እንደሚጀምር ጨንቆት ነበር። ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ዲኑ፣ የኮሌጁ የሕግ ባለሙያ፣ አንድ መጋቢ፣ አንድ ቄስ፣ የሰፈራችን እድር ዳኛ እና እኔ። ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ እንድሆን በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ከስድስታችን ቀሚስ የለበስነው ቄሱና እኔ ነበርን፤ ቄሱን ይጻፉ የሚል ደፋር ደግሞ አልተገኘም።

የሕግ ባለሙያው ከረባቱን በየአንቀጹ የሚያስተካክል ልጅ ነው። «ለጋሹ በሕይወት እያለ ቢፈርምም» ብሎ አነበበ፣ «የቅርብ ቤተሰብ የጽሑፍ ስምምነት ካልተያያዘ ተቀባይነት የለውም።»

«እኔ ባልም ልጅም የለኝም» አልኩት።

«ወንድም አለዎት አይደል፣ ሲስተር?»

ማን ነገረው? በዚህ ከተማ ሰው የማያውቀው የራሱን ነውር ብቻ ነው።

«የእኔ ፊርማ ለእኔ ገላ የማይበቃው ለምንድን ነው?»

ዲኑ በትዕግሥት ፈገግ አለ። የእሱ ፈገግታ የሚመጣው ሰውን ሊንቅ ሲል ነው። «ሲስተር፣ ባህሉን ከእኛ በላይ ያውቁታል እኮ። ነገ ወንድምዎ ዘመድ አዝማዱን ይዞ በር ላይ ቢጮህብንስ?»

«ቤተሰብ የሌለው ሰውስ? ለእሱ ማን ይፈርማል?»

«እሱማ በፖሊስ ደብዳቤ ነው የሚመጣው» አለ የሕግ ባለሙያው። «ስምምነት አያስፈልገውም።»

ያለውን እንዳለ ጻፍኩት። ቀና ብዬ ሁሉንም አንድ በአንድ አየሁ። መጋቢው ስልኩን ይነካካል፣ ቄሱ ጣሪያ ያያል። ፈቅጄ ልስጥ ለምትለው ለእኔ የወንድም ፊርማ ያስፈልጋል፤ ማንም ላልጠየቀው ሰው ግን ምንም አያስፈልግም። ይህ ነገር ከአምስቱ አንዱን እንኳ አልከነከነውም።

ቀጥሎ የእድሩ ዳኛ እጁን አወጣ። ጨርቅ ነጋዴ ነው። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ቁመት በዓይኑ ለክቶ የሚያውቅ ይመስለኛል።

«የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው» አለ። «ሬሳው በቀጥታ ወደ እናንተ ከመጣ፣ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ሰው ምን ሊሸኝ ነው? ሳጥን ካልወጣ ሰው መቼ ይነሳል? አልቅሶ፣ ተከትሎ፣ አፈር አልብሶ ነው የሚመለሰው። አለዚያ ተቀምጦ መቅረቱ ነው።»

ይህ ጥያቄ ሁሉንም አነቃ። ስለ ፈቃድ ሲወራ ያንቀላፉት ሰዎች ስለ ሳጥን ሲነሳ ተሟሟቁ። መጋቢው ባዶ ሳጥን ይቀበር አለ። ዲኑ ባዶ ከሆነ ተሸካሚው በክብደቱ ያውቃል አለ። የሕግ ባለሙያው ድንጋይ ይደረግበት አለ።

«ድንጋይ ይንኳኳል» አለ የእድሩ ዳኛ። «የእንሰት ግንድ ይሻላል። ውኃ ያዘለ ስለሆነ ከባድ ነው፤ በቁመት ይቆረጣል፣ በነጠላ ይጠቀለላል፣ ድምፅ የለውም።»

አልሳቁም። አምስት የተማሩና የተከበሩ ወንዶች አንገታቸውን ነቀነቁ። ቄሱ ብቻ «በእንሰት ላይ ፍትሐት አላደርስም» አለ፤ እሱንም ቀስ ብሎ ነው ያለው። ዲኑ እንዲጻፍ የፈለገው «የሽኝት ሥርዓቱ እንደ ቤተሰቡ ፍላጎት ይፈጸማል» የሚል ነበር። እንሰት የሚለው ቃል መመሪያው ውስጥ የለም። እነሱ እንደዚህ ናቸው፤ የሚያፍሩት በሚያደርጉት ሳይሆን በሚጻፈው ነው።

እኔም አንድ አንቀጽ ጨመርኩ። ደብቄ አይደለም፤ ጮክ ብዬ አንብቤላቸዋለሁ። «ቤተሰብ አንድ ጊዜ የሰጠውን ስምምነት መልሶ ማንሳት አይችልም፤ ስምምነቱ የሚቀረው ለጋሹ ራሱ ሲተወው ብቻ ነው።» ያነበብኩት ግን የተሰበሰብንበት ሆቴል አስተናጋጆች ለምሳ አተካናውን ይዘው ሲገቡ ነው። ቡላው ከወተት ጋር ተሠርቶ፣ ቅቤው ላዩ ላይ እየዋኘ፣ ሽታው ከእኔ ድምፅ ቀድሞ ደረሰ። አተካና ከቀዘቀዘ አይበላም።

«የሚደግፍ?» አለ ዲኑ፣ ዓይኑ ሳህኑ ላይ ሆኖ።

አምስት እጅ ወጣ። ከዚያ አምስቱም ማንኪያ አነሱ።

አሁን ስለ ወንድሜ። ቤተሰባችን ፕሮቴስታንት ነው፤ ያገባሁት ሰው ግን ኦርቶዶክስ ነበር፤ ከሰሜን የመጡ አስተማሪ ልጅ። ስለ ባሌ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ወንድሜ ታላቅነቴን እንኳ ሳያፍር «ከእንግዲህ እህት የለኝም» አለ። ይበል። እናት ግን ነበረችን። እናታችን ስትሞት እኔ ዳምቦያ ሰው አዋልድ ነበር፤ መልእክተኛ ቢላክ በዚያው ቀን እደርስ ነበር። አልላከልኝም። ዳምቦያ ገበያ አንዲት ከጊምቢቹ የመጣች ቅቤ ነጋዴ አየችኝና «ጌታ ያጽናናሽ» አለችኝ። «በማን?» አልኳት። ሴትዮዋ የያዘችውን ቅቤ አስቀምጣ አፏን ያዘች። እናቴ ከተቀበረች ሦስተኛው ቀን ነበር። የእናቴን ሞት ቅቤ ተራ ቆሜ ሰማሁ።

እንግዲህ ፊርማ ፍለጋ የሄድኩት እዚህ ሰው ቤት ነው። ሚኒባስ ይዤ ጊምቢቹ ወረድኩ። ሚስቱ «እትዬ!» ብላ ደንግጣ ተነሳች፤ እሱ ግን ተቀምጦ ጠበቀኝ። ሸብቷል፣ ሆዱ ወጥቷል፣ ጫማው ተወልውሏል።

«በደህና ነው?» አለኝ በሀዲይኛ። ከሌላ ሰው ጋር አማርኛ ስንናገር ብንውልም ስንጣላ በሀዲይኛ ነው።

ወረቀቱን አውጥቼ ነገርኩት። ወረቀቱን ሳይነካ አነበበው፤ እጁን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ።

«አብደሻል?»

«አላበድኩም።»

«ሰው ምን ይለኛል? የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ። እህቱን ለቢላዋ ሰጠ ሊሉኝ?»

«እህት የለህም አይደል? የሌለህን እንዴት ትሰጣለህ?»

ሚስቱ ሳቋን ለመያዝ ወደ ጓሮ ወጣች። እሱ ድምፁን አለሳልሶ፣ ለምእመናን የሚናገርበትን ድምፅ አወጣ። «እቴ፣ የትንሣኤ ተስፋ ያለን ሰዎች ነን። የአባታችን መቃብር አጠገብ ቦታሽን አዘጋጅቼ ነበር።»

ይህን ሲል ውሸቱን መሆኑን አውቃለሁ። አባትና እናታችን አጠገብ የቀረውን ብቸኛ ቦታ ለራሱ በሲሚንቶ አሳጥሮታል፤ ስመጣ በመንገዴ አይቼዋለሁ። እሱን ግን አላነሳሁበትም። የመጣሁት ለፊርማ ነው። ስለዚህ የምጸየፈውን ነገር ነገርኩት፤ ሳጥን ይወጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ውስጡ ምን እንዳለ ከአንተና ከእድሩ ዳኛ በቀር የሚያውቅ የለም አልኩት።

ፊቱ በራ። እውነቴን ነው፤ እንደ ሙሽራ በራ። ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ተከተልኩት። ረድፍ በረድፍ በቆመው እንሰት መሐል ገብቶ አንዱን ግንድ በመዳፉ መታ መታ አደረገው፣ ሌላውን አቀፈው፣ ዞር ብሎ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«ይኼኛው ይበቃሻል» አለ።

«ኧረ ያኛው ለቡላ ነው የተቀመጠው!» አለች ሚስቱ ከበሩ። «ከዳር ያለውን ውሰዱ።»

ከዳር ያለው ቀጭን ነው አላት፤ ሰው ያውቃል። በእንሰቱ ተከራከሩ። ወንድምና እህት ተነጋግረው የማያውቁትን ያህል ባልና ሚስቱ ስለ አንድ ግንድ ተነጋገሩ። በመጨረሻ እሱ ያለው ጸና። ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጠርቶ በምስክርነት አስፈረማቸው፤ ምን እንደሆነ ሲጠይቁት «የሕክምና ወረቀት ነው» አላቸው። በዚህ እንኳ አልዋሸም። ራሱም ፈረመ፤ ፊርማው ረጅም ነው፣ መጨረሻው ላይ ሁለት ጊዜ ይጠመዘዛል።

ስመለስ ምን እንደማደርግ አላወቅኩም ነበር ብል እዋሻለሁ። ወረቀቱን በማግሥቱ ኮሌጁ መዝገብ ቤት አስገባሁ፣ ማኅተም አስመታሁ፣ ቅጂውን ያዝኩ። ከዚያ የእድሩን ጠቅላላ ስብሰባ ጠበቅኩ።

ስብሰባችን እሁድ ከሰዓት፣ ቅዳሴውም አምልኮውም ካለቀ በኋላ ነው። ዳኛው «ሌላ ጉዳይ ያለው?» ሲል ተነሳሁ።

«ስሞት ሳጥን ትሸከሙልኛላችሁ» አልኩ። «ውስጡ ያለሁት ግን እኔ አይደለሁም። እኔ ኮሌጅ ነው የምሄደው፤ ተማሪዎች እንዲማሩብኝ ፈርሜ ሰጥቻለሁ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጊምቢቹ ወንድሜ ጓሮ የበቀለ እንሰት ነው። ይህን መላ ያመጡት ዳኛችን ናቸው፤ ድንጋይ ይንኳኳል ብለው። የምትሸከሙትን እንድታውቁ ብዬ ነው።»

ዳኛው መዝገቡን ገለጠ፣ ዘጋው፣ እንደገና ገለጠው። መጀመሪያ የተናገሩት ቆጮ የሚሸጡት አሮጊት ናቸው።

«እንሰቱ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሰባት ይሆነዋል መሰለኝ።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ የተጠበቀ እንሰት ሊቀበር!» አሉ ደረታቸውን እየመቱ። «ሰው አይወቅሳችሁም? እሷን ውሰዷት፣ እንሰቱን ተዉት!»

ያኔ ነው ሳቁ የመጣው። እኔ አልሳቅኩም። ሳጥን የሚሸከሙት ጎረምሶች ከኋላ ሆነው «ለእንሰት ትከሻችንን አንሰጥም» እያሉ ጮሁ። አንዱ «ዳኛችን፣ የባለፈው ዓመቱም ሳጥን ከብዶን ነበር፤ እንፈትሽ እንዴ?» አለው። ዳኛው ላብ በላብ ሆነ። ብዙ ከተጯጯሁ በኋላ ወሰኑ፤ ሳጥን የለም፣ ድንኳን ሦስት ቀን ይተከላል፣ በሦስተኛው ቀን ጸሎት ተደርጎ ሰው ይነሳል። ስድስት ሰዎች በሆቴል አዳራሽ ያልፈቱትን አንድ የቆጮ ነጋዴ በተቀመጡበት ፈቱት።

ስንወጣ ልብስ እያጠበች የምትኖር፣ ዘመድ የሌላት ጎረቤቴ እጄን ያዘችኝ። «ሲስተር፣ እኔም ብሰጥ ደስ ይለኛል። የሚፈርምልኝ ሰው ግን የለኝም።» አንቺንማ ሳይጠይቁሽ ይወስዱሻል አላልኳትም። ጠይቄ እነግርሻለሁ አልኳት። ጠይቄያለሁ፤ ሦስት ጊዜ። «እየታየ ነው» ይላሉ። ምን እንደሚያዩ እግዜር ይወቅ።

ወሬው በዚያው ማታ ጊምቢቹ ገባ። ወንድሜ በነጋታው ማልዶ ኮሌጁ በር ላይ ተገኘ። ዲኑ እኔንም አስጠራኝ። ስገባ ወንድሜ ቆሞ ነበር፤ ከረባት አስሯል።

«ፊርማዬን አንስቻለሁ» ይላል። «ተታልዬ ነው። መሳቂያ አደረገችኝ። ትናንት ማታ የጸሎት ቤት ልጆች እንሰት ይሉኝ ጀመር!»

«ምንም ችግር የለውም፣ አባቴ» አለው ዲኑ። «ቤተሰብ ካልተስማማ እኛ አንቀበልም።» ወደ ሕግ ባለሙያው ዞረ። «አንቀጹን አንብብላቸው።»

ልጁ አነበበ። መሐል ላይ ድምፁ ቀነሰ። እንደገና ከመጀመሪያው አነበበ፣ አሁን በልቡ።

«ምን ይላል?» አለ ዲኑ።

«ማንሳት አይችልም ይላል፣ ዶክተር። እሳቸው ራሳቸው ካልተዉት በቀር።»

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ ጻፍኩት» አልኩ። «ያጸደቃችሁት እናንተ ናችሁ፤ አምስት እጅ። ቃለ ጉባኤው አለ፣ ፊርማችሁ ሥሩ ላይ አለ። ከፈለጋችሁ ምሳው ምን እንደነበርም እነግራችኋለሁ።»

ዲኑ ያን ፈገግታውን ሊያመጣ ሞክሮ አልመጣለትም። መመሪያው ወደ በላይ አካል ተልኮ እንደነበር፣ አሁን ቢነካ ምን እንደሚጠየቅ ሲያሰላ ፊቱ ላይ አየሁት። ለእኔ ብሎ አይደለም የተወው። ለራሱ ብሎ ነው። ቢሆንም ተወው።

ምዝገባዬን ለመጨረስ ወደ መዝገብ ቤቷ ልጅ ሄድኩ። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ቦታ ቀርቶ ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅ ኮሌጁ የቀረውን ይቀብራል፤ ያኔ የሚጠራ ሰው ማን ነው ይላል።

«ባዶ ተይው» አልኳት።

«ባዶ ከሆነ አያሳልፈኝም፣ ሲስተር። ወንድምዎን ልጻፋቸው? ውጭ ናቸው እኮ።»

«የዚያን ዓመት የአናቶሚ ተማሪዎች ብለሽ ጻፊ።»

«ስልክ ቁጥር ይፈልጋል።»

«የክፍሉን ስጪው።»

ጻፈችው። አለፈ። ካርዴን ተቀብዬ ወጣሁ።

ወንድሜ አጥሩ ጋ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ከረባቱን ፈትቶ ኪሱ አስገብቶታል፤ ጫፉ ወጥቶ ይታያል። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልሰደበኝም።

«ሲጨርሱ ይቀብሩሻል?» አለኝ።

«ይቀብሩኛል።»

«መቼ?»

«ዓመትም ሁለት ዓመትም ሊሆን ይችላል። እንደ ትምህርታቸው ነው።»

ባጃጅ መጣና አጠገባችን ቆመ። ገብቼ ተቀመጥኩ። እሱ የባጃጁን ጣሪያ ይዞ ጎንበስ አለ፤ ሲያስብ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅሰው እንደ እናታችን ነው፣ ረስቼው ነበር።

«እኔስ?» አለ። «እኔ በምን አውቃለሁ? ማን ይነግረኛል?»

«ገበያ ውጣ» አልኩት። «ቅቤ ተራ። በሦስተኛው ቀን ትሰማለህ።»